ትምህርት ቤቷን አመስግና ስለተባረረችው ሀኒ

ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለመለኮት ማሙሸት
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለማዕረግዎ የሚመጥን ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ፣ የደም ግፊትዎና ከእጅዎ የማይለየው ማኅተም እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከሁለት ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር፣ በእርስዎ መልካም አስተዳደር ሥር ደህና ነኝ።

ጸሐፊዋ መቅደላዊት ጎበዜ እባላለሁ፤ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት በዚሁ ግቢ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ስሜን በድጋሚ መናገሬ ባለፈው በላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ «መምህርት መቅደስ» ብለው ስለጠሩኝ ነው። ይህንንም ጽሑፍ በደንቡ መሠረት ለቢሮዎ ማስገባት ይገባኝ ነበር። ሆኖም ካሁን በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ እስከ እርስዎ ወንበር ያለችውን የአራት እርምጃ መንገድ እስካሁን ተጉዘው ስላልጨረሱ፣ አራተኛውን ለድካም መዳረግ አሳዘነኝና በአደባባይ ጻፍኩት።

የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ሀኒ ጠይብ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ትምህርት ቤቷን የሚያመሰግን አንድ ገጽ ጽሑፍ በመጻፏ በእርስዎ ትእዛዝ ከተባረረች ዛሬ ሁለት ሳምንት ሞላት። የመልቀቂያ ፈተናው ምዝገባ የሚዘጋው በዚህ ዓርብ ነው፤ ቅጿ ላይ የእርስዎ ፊርማ ካላረፈ ልጅቷ ዘንድሮ አትፈተንም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ምስጋናዎች በሙሉ ወደዚያች ፊርማ የሚያደርሱ ናቸውና እባክዎ እስከ መጨረሻው ይታገሱኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሸማ ተራ አመሰግናለሁ።

በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ሰውን በንግግር ስለ ማሳመን ጥበብ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ፤ የሚጀምረውም «የተቀዳውን ንግግር አዳምጡና መልሱ» ብሎ ነው። ማዳመጫ ብጠይቅ በጀት ሲለቀቅ ተባልኩ። ፕላዝማው ይሁን እንዳይባል እኔ ከመቀጠሬ በፊት የጠቆረ ነው። ስለዚህ ስድሳ አራቱን ተማሪዎች በቡድን ከፍዬ፣ በዓል ሊደርስ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ሸማ ተራ ሄደው ነጠላና ጋቢ ሻጮችን ለግማሽ ሰዓት እንዲያዳምጡ፣ ሻጩ ገዢውን በምን እንደረታው በእንግሊዝኛ ጽፈው እንዲመጡ አዘዝኳቸው።

ያመጡትን አይተውት ቢሆን ምነኛ ደስ ባለኝ። አንደኛው ቡድን የጻፈው፣ ገዢዋ ሳትጠይቀው ጥለቱን ገልጦ፣ እዚህ ጋ ክሩ ሳሳ ብሏል፣ ለሌላ ሰው አልናገርም ነበር፣ አንቺ ግን እህቴን ትመስይኛለሽ ስላለ አንድ ሻጭ ነው። ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ ሌላውን ወገን ሳትመረምር ገዝታ ሄደች። ልጆቹ ታዲያ ሰውየው ትንሹን ጉድለት ያመነው ትልቁ እንዳይፈለግ ነው ብለው ጻፉ። እነዚህ ልጆች ውጪ ለመውጣት ለማስፈቀድ እንኳ እንግሊዝኛው የሚያንቃቸው ነበሩ። በዚያ ሳምንት ግን ክፍሉ ውስጥ እርስ በርስ ሲከራከሩ ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛ መደብደብ ነበረብኝ።

ለዚህ ውለታዬ «ተማሪዎችን ከዕቅድ ውጪ ወደ ገበያ አሰማርታለች» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስለሸለሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የግማሾቹ ልጆች ቤት እዚያው ገበያው ውስጥ መሆኑን ያልነገረዎት ሰው ይጠየቅበት።

ሁለተኛ፣ ስለ ስላቅ አመሰግናለሁ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ስላቅ ነበር። ተማሪዎቼ በመጀመሪያ ስላቅ ማለት ስድብ መስሏቸው ደስ አላቸው። እኔም፣ ስድብማ ማንም ይችልበታል፣ ስላቅ ግን የጎደለውን ነገር እንደሞላ አድርጎ እስኪያሳፍር ድረስ ማመስገን ነው አልኳቸው። መርካቶ ተወልዶ ላደገ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ዕቃ ከልኩ በላይ ሲሞገስ ገዢው ወዲያው ገልብጦ ስፌቱን ያያል። ከዚያም የምታውቁትን ነገር የሚያመሰግን አንድ ገጽ ጻፉ ብዬ ሦስት ሕግ አወጣሁ፦ የሰው ስም አይጠራ፣ ስድብ አይግባ፣ በቀጥታ አቤቱታ አይቅረብ።

ሀኒ ሦስቱንም ሕግ አክብራ ስለ ትምህርት ቤቷ ጻፈች። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ውበቱ ቢጎድልም፣ ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው። «የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ ቁልፍ ያዡ ሥራ አጥቶ ይተክዛል። በአንድ ዴስክ ሁለት ብቻ ስለምንቀመጥ ክርናችን ጓደኛ ይናፍቀዋል። በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ከእኛ ውስጥ በየወሩ ሦስትና አራት ቀን ቤቷ የምትቀር ሴት ልጅ የለችም። ችግራችንን ልንናገር ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስንሄድ ወንበር ተስቦ ይጠብቀናል።»

ክቡር ሆይ፣ የውኃው ምስጋና ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህች ልጅ በየወሩ ሦስትና አራት ቀን ትቀራለች። እኔም ሴት ሆኜ፣ በዚያው ግቢ እየዋልኩ፣ ስም መጥሪያዬ ላይ በቀይ ቀሪ እያልኩ ስመዘግባት ነው የከረምኩት። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። በጣም አፈርኩ። ከሃያ ሃያ ሰጠኋት፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ንባብዎ አመሰግናለሁ።

ከላይ ሱፐርቪዥን ይመጣል በተባለ ጊዜ እርስዎ ለምርጥ ተሞክሮ ፋይል የሚሆን ማስረጃ ከየትምህርት ክፍሉ ሰበሰቡ። እኔም የተማሪዎቼን ሥራ አርሜ እንደምመልስ ይታይልኝ ብዬ የደብተር ክምር አስረከብኩ። ከዚያ ክምር ውስጥ የሀኒን ገጽ መርጠው፣ ፎቶ ኮፒ አስደርገው፣ «የተማሪዎች እርካታ» በሚለው ርዕስ ሥር አስገቡት።

መምህራን ክፍሉ ውስጥ አንዳንዶች ርዕሰ መምህሩ እንግሊዝኛው ስላልገባቸው ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ጠበቃዎ ነኝ። እንግሊዝኛዎ ደህና ነው፤ ጽሑፉን አንብበው ቃል በቃል ተረድተውታል። ችግሩ፣ ካነበቡት ውስጥ አንዱም ነገር እንግዳ አልሆነብዎትም። በግቢው ውስጥ ውኃ የተሞላ በርሜል ያለበት፣ ቁልፉ በኪስዎ የሚዞር የብቻዎ መጸዳጃ ቤት ስላለ፣ ውኃ ጠፍቶ አያውቅም የሚለው ቃል ለእርስዎ ዜና አልነበረም። ቢሮዎ ውስጥም ወንበር አለ። በአንድ ወቅት ጫማ ሲገዙ አይቼዎት ነበር፤ ሶሉን አጥፈው፣ ስፌቱን በጥፍርዎ ፈልገው፣ ሻጩ እስኪሰለች ድረስ ነበር ያገላበጡት። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ግን እንደዚያ አልደከሙም።

ማክሰኞ ጠዋት የሱፐርቪዥኑ እንግዶች ከባንዲራው ሥር በተደረደረላቸው ወንበር ተቀምጠው፣ ሺህ ስምንት መቶ ተማሪ ተሰልፎ ሳለ፣ በእርስዎ ትእዛዝ ጽሑፉ በሚኒ ሚዲያ በእንግሊዝኛ ከተነበበ በኋላ በአማርኛ ተተርጉሞ ተነበበ። እኔ ከሰልፉ ጀርባ ቆሜ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ሲነበብ ተማሪው እርስ በርሱ ተያየ። የዴስኩ ላይ አንዳንዱ ሳል ሳል አለው። የውኃው ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ከሴቶቹ ሰልፍ ተነሥቶ ግቢውን ሞላው፤ ከእንግዶቹ አንዷ አፏን በፋይል ጋረደች። እርስዎ ደግሞ ሕዝቡ ደስ ብሎት መስሎዎት አጨበጨቡ።

ነገሩ በዚያ ባበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን አንደኛው እንግዳ በትሕትና፣ እንግዲያው ይህን ቤተ መጻሕፍት እንየው አሉ። ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ወጥቶ ስለነበር አርባ ደቂቃ ተፈለገ። በመጨረሻ ቁልፉ ተሰብሮ በሩ ሲከፈት፣ ውስጡ እስከ ጣሪያው በተሰባበረ ዴስክ ተሞልቶ ተገኘ። ስላቅ ምን እንደሆነ የገባዎት ያኔ ይመስለኛል፤ በትምህርት ቤታችን ምዕራፉን በተግባር ተምረው ያጠናቀቁ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፣ ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ።

በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ እኔም እንደ አስተማሪዋ ተጠርቼ ነበር። ክሱ «የትምህርት ቤቱን ስም ማጉደፍ» የሚል ነበር። ልጅቷ የጻፈችው በደብተሯ ላይ፣ ለአንድ አንባቢ ለእኔ ነበር፤ ከደብተሩ አውጥቶ፣ አስተርጉሞ፣ በድምፅ ማጉያ ለመርካቶ ያሰማው ማን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው አይገልጽም። ምናልባት ቦታ ጠቦት ይሆናል።

አሁን ደግሞ እርስዎ የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ሀኒን «እንዲህ ያለውን ነገር ማን አስተማረሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በእጄ ነበር፤ ሁለተኛው ከተጨመረ ደመወዜ እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ቤት ኪራይ አለብኝ፤ እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝና ዝም አልኩ። ሀኒም ዓይኗን ከእኔ አንሥታ «ማንም። ራሴ ነኝ» አለች።

አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ለእኔ ለአስተማሪዋ መከታ ሆነች፤ እኔ ለእሷ አንዲት ቃል አጣሁ። ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ፣ ማንም እንዲያነበው አድርጌ እናገራለሁ፦ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ርዕሱን የሰጠሁ፣ ሕጉን ያወጣሁ፣ ጽሑፉን አንብቤ ከሃያ ሃያ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ በፈለጉት ቀን ይላኩልኝ፤ ስሜን ብቻ አስተካክለው ይጻፉት።

አምስተኛ፣ ስለ ጋሽ ጠይብ አመሰግናለሁ።

የሀኒ አባት ጋሽ ጠይብ ምን አለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ወላጅ አምጪ ስለተባለች ሥራቸውን ጥለው መጡና ከበሩ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሙ። ቢሮዎ ሲገቡም የቀረበላቸው ወንበር አልነበረም። ልጅዎ ትምህርት ቤቱን ሰድባለች ሲባሉ፣ ስድቡን አንብቡልኝ አሉ። አማርኛው ተነበበላቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ሲያበቃ እንዲህ አሉ፤ እኔም በዚያው ስለነበርኩ ቃላቸውን አልረሳውም፦ «ጌታዬ፣ ልጄ እኮ ሁሉም ነገር አለ ነው ያለችው። የለም የምትሉ ከሆነ፣ ያላኖረው ሰው ይጠየቅ እንጂ እሷ ምን አጠፋች?»

ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ፣ ይቅርታ ካልፈረመች ቅጿን አልፈርምም የሚል ነበር። ጋሽ ጠይብ እጅ ነሥተው ወጡ። ሀኒ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፤ ከቤታቸው 12ኛ ክፍል የደረሰ ሌላ ሰው የለም። ከበሩ ውጪ ሲደርሱ፣ ቲቸር፣ ዓርብ ካለፈ በቃ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ስድስተኛ፣ ስለ አዲሱ መመሪያዎ አመሰግናለሁ።

ከእንግዲህ ማንኛውም የጽሑፍ ርዕስ አስቀድሞ በቢሮዎ ይጽደቅ ማለትዎንና የጊዜ አጠቃቀም፣ የችግኝ ጥቅምና የትራፊክ ደህንነት ብለው ሦስት ርዕስ መፍቀድዎን ሰምቻለሁ። መልካም ነው። ሀኒ ግን በተመለሰች ጊዜ ስለ ችግኝ እንዳትጽፍ ይጠንቀቁ፤ ባለፈው ዓመት ፎቶ ተነሥተንባቸው የተተከሉት የት እንደደረሱ ልጅቷ ታውቃለች።

ግለ ሂስ ጽፌ እንዳስገባ ስለታዘዝኩም ቅጹን ለመሙላት ሞክሬያለሁ። «ድክመት» በሚለው ሥር፣ በኮሚቴው ፊት ዝም ማለቴን ጽፌያለሁ። «የመሻሻያ እርምጃ» በሚለው ሥር ደግሞ ይህን ደብዳቤ ጠቅሻለሁ። «ጥንካሬ» የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ያ የተማሪዬ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ናት። በእኔ ላይ የወደዱትን ያድርጉ፤ ክፍል ይቀይሩኝ፣ ደመወዝ ይቅጡኝ፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ያዛውሩኝ። የሀኒን ቅጽ ግን ይፈርሙላት። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ፣ በዚህ ሁሉ ግፊያ ውስጥ በእንግሊዝኛ አስባ መጻፍ የቻለች ልጅ በአንዲት ፊርማ እጦት ቤቷ ስትቀር ማየት አልችልም። ይህን ያለ ምንም ስላቅ ነው የምለው፤ እለምንዎታለሁ።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ የማይነጥፍ ቀለምን፣ ለበርሜልዎ ውኃን፣ ለአንባቢነትዎ ደግሞ ጥቂት ጥርጣሬን እየተመኘሁ፣ በማዕረግዎ ጥላ ሥር የምገኝ፣ ሁለት ጊዜ የምጠነቀቅ፣

ትሑት አገልጋይዎ
መቅደላዊት ጎበዜ
የእንግሊዝኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት
በማክሰኞው ሰልፍ ላይ ለነበሩት እንግዶች

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ የጨረስኩት ረቡዕ ሲሆን፣ ሐሙስ ጠዋት ሀኒ ያዘጋጁላትን የይቅርታ ወረቀት እንደምትፈርም ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ ቅዳሜ አቆይቼዋለሁ። ፈርማለች፤ እርስዎም በቃልዎ መሠረት ቅጿን ፈርመውላታል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተመዝግባ የፈተና ቁጥሯን ይዛለች። ለዚህ አመሰግናለሁ። ጋሽ ጠይብም ሰላም ብለውዎታል።

የይቅርታውን ቃል ያረቀቁት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ያስታውሱታል፤ ላላነበቡት ግን እንዲህ ይላል፦ «እኔ ተማሪ ሀኒ ጠይብ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው፣ በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ አለ፣ በአንድ ዴስክ ሁለት ተማሪ ይቀመጣል፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተማሪ በአክብሮት ይስተናገዳል በማለት የጻፍኩት በሙሉ ፍጹም ሐሰት መሆኑን አምኜ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ላለመጻፍ ቃል እገባለሁ። ከላይ የተገለጸው ትክክል ስለመሆኑ ትምህርት ቤቱ ያረጋግጣል።» ሀኒ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቲቸር፣ ለርዕሰ መምህሩ እንንገራቸው እንዴ አለችኝ። ፈርሚ አልኳት። ቅጂው ከዚህ ጋር ተያይዞ ለእንግዶቹ ተልኳል፤ ፊርማዎም ማኅተምዎም ጥርት ብሎ ይነበባል።